የሞተ ሰው የመሰከረበት ደብዳቤ፦ እምነት፣ ጥርጣሬና ማስረጃ በዑለማዎቻችን ታሪክ



"ለዚህ ማስረጃው ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀ ወጣት ብዙ ጊዜ ከሁለት ወገን ይገፋል። በአንድ በኩል "ዝም ብለህ እመን፤ ጥያቄ ማብዛት ከሸይጧን ነው" የሚለው አለ። በሌላ በኩል ደግሞ "ማስረጃ ከፈለግክ ሃይማኖትን ተው፤ እምነት ማለት ያለ ማስረጃ መቀበል ነው" የሚለው አለ። እነዚህ ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ። በአንድ ነገር ግን ተስማምተዋል፤ ሁለቱም እምነትና ማስረጃ አብረው አይሄዱም ይላሉ።

የሙስሊም ሊቃውንትን ታሪክ ያገላበጠ ሰው ይህን አይቀበልም። ማስረጃን አጥብቀው ከጠየቁ፣ ወሬን በጥርጣሬ ከመረመሩ፣ ለወዳጅም ለባዳም አንድ ሚዛን ከያዙ የዓለም ሊቃውንት መካከል የኛዎቹ ከፊት ይሰለፋሉ። ዛሬ ከዚያ ታሪክ ጥቂት ገጾችን አብረን እንገልጣለን።

ወዚሩን ያስጨነቀው ደብዳቤ

ዘመኑ 5ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ነው፤ ቦታው ባግዳድ። የዐባሲያው ኸሊፋ የአል-ቃኢም ወዚር ኢብኑል ሙስሊማ ዘንድ አንድ ደብዳቤ ቀረበ። ያቀረቡት ከአይሁድ ወገን የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ደብዳቤው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን ሰዎች ከጂዝያ ነፃ ያደረጉበት ነው ተባለ። ጂዝያ ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች በእስላማዊ አስተዳደር ሥር ሲኖሩ የሚከፍሉት ግብር ነው። በደብዳቤው ላይ የሰሓቦች ምስክርነት ሰፍሯል። የእጅ ጽሑፉም የዐሊይ (ረ.ዐ) ነው ተብሏል።

እስቲ ራሳችንን በወዚሩ ቦታ እናስቀምጥ። ደብዳቤው ሐሰት ከሆነና ከተቀበለው፣ በነቢዩ ስም የተዋሸውን አጸደቀ ማለት ነው። እውነት ከሆነና ከጣለው ደግሞ የነቢዩን ቃል ኪዳን አፈረሰ፤ የሰዎችንም መብት ነጠቀ። "ደስ አላለኝም" ወይም "ያመጡት ሰዎች አያስተማምኑም" ብሎ መመለስ ፍርድ አይሆንም። ወዚሩ ያደረገው ነገር ቢኖር ደብዳቤውን ለሚያውቅ ሰው መስጠት ነው። ያ ሰው "ታሪኹ ባግዳድ" የተሰኘውን ግዙፍ መጽሐፍ የጻፉት ታላቁ የሐዲስ ሊቅ አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ (ረሒመሁላህ) ነበሩ። በ463 ሂጅራ (1071 እ.ኤ.አ.) ነው የሞቱት።

አል-ኸጢብ ደብዳቤውን ተመለከቱና "ይህ የፈጠራ ነው" አሉ። በምን አወቁ? ሲባሉ ሁለት ነገር ጠቆሙ። አንደኛ፣ ከምስክሮቹ አንዱ ሙዓዊያ ናቸው። ሙዓዊያ የሰለሙት መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው፤ ኸይበር ግን የተከፈተችው በ7ኛው ነው። ገና ያልሰለመ ሰው እንዴት ከሰሓቦች ጋር ይመሰክራል? ሁለተኛ፣ ሌላው ምስክር ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ ናቸው። ሰዕድ በኸንደቅ ዘመቻ ቆስለው፣ ከበኑ ቁረይዛ ጉዳይ በኋላ በ5ኛው ዓመት ሞተዋል። ማለትም ከኸይበር ሁለት ዓመት አስቀድሞ። የሞተ ሰው እንዴት ይመሰክራል? ወዚሩ ይህን ሰምቶ ደብዳቤውን ውድቅ አደረገው።

ይህን ታሪክ ኢማሙ ዘሀቢን የመሳሰሉ የታሪክ ሊቃውንት ዘግበውታል። ኋላ ላይ ኢብኑል ቀዪም (በ751 ሂጅራ የሞቱት) ሌሎች ምክንያቶችን ጨምረውበታል፤ ከነዚህ ውስጥ ኸይበር በተከፈተችበት ጊዜ የጂዝያ ድንጋጌ ራሱ ገና አልወረደም ነበር የሚለው ይገኛል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አል-ኸጢብ ደብዳቤውን የጣሉት አይሁዶች ስላመጡት አልነበረም። የጣሉት ዓመታቱ አልገጥም ስላሉ ነው። ያው ደብዳቤ በአንድ ታዋቂ ሙስሊም ቢመጣ ኖሮ ፍርዱ አይለወጥም ነበር። ይህን በግምት የምንናገረው አይደለም። ቀጣዩ ታሪክ ያረጋግጥልናል።

ለደጉ ሰውዬም ያው ሚዛን

ታላቁ ታቢዒይ ሙሐመድ ኢብኑ ሲሪን (በ110 ሂጅራ የሞቱት) ስለ ቀደምት ሙስሊሞች የተናገሩት ነገር በኢማሙ ሙስሊም መቅድም ላይ ሰፍሯል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ሰዎች ሐዲስ ሲነገራቸው ከማን እንደተሰማ አይጠይቁም ነበር። ፊትና በተከሰተ ጊዜ ግን የነገሯችሁን ሰዎች ስም ጥሩልን ማለት ጀመሩ። ሰነድ የሚባለው የተራኪዎች ሰንሰለት ይህን በመሰለ ጥያቄ ነው የጠነከረው። እከሌ ከእከሌ ሰማሁ ካለ፦ በአንድ ዘመን ኖረዋል ወይ? ተገናኝተዋል ወይ? ሰውዬው በንግግሩ ታማኝ ነው ወይ? የማስታወስ ችሎታውስ እንዴት ነው? በስተርጅና ተምታቶበት ይሆን? ሌሎች ከዚያው ሸይኽ የሰሙት ከሱ ጋር ይገጥማል ወይ? በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ተሰብስቦ በጥራዝ በጥራዝ የተጻፈው ለዚህ ነው።

አንድን ሰው "ውሸታም ነው" ብሎ መጻፍ በተራው ጊዜ ሐሜት ነው። ዑለማዎች ግን ይህን እንደ ሃይማኖታዊ ግዴታ ቆጠሩት። ምክንያቱም ዝም ቢሉ የሚጎዳው እውነቱ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ጥርጣሬያቸው በደጋግ ሰዎች ላይም መድረሱ ነው። ኑሕ ኢብኑ አቢ መርየም የተባለ ሰው በቁርኣን ምዕራፎች ትሩፋት ላይ ሐዲስ ፈጥሯል ተብሎ በሐዲስ ዕውቀት መጽሐፎች ተወስቷል። ለምን? ተብሎ ሲጠየቅ ሰዎች ቁርኣንን ትተው በአቡ ሐኒፋ ፊቅህና በኢብኑ ኢስሓቅ የዘመቻ ታሪክ ሲጠመዱ አይቼ ለአላህ ብዬ ነው የፈጠርኩት ማለቱ ተዘግቧል። ዓላማው ሰውን ወደ ቁርኣን መመለስ ነበር። ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት ይመጣል? ዑለማዎች ግን አልማሩትም። "ለነቢዩ ብለን እንጂ በነቢዩ ላይ አልዋሸንም" ያሉ ሰዎችም ተነስተው ነበር፤ እነሱም መልስ ተሰጥቷቸዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሳቸው ላይ ሆን ብሎ የዋሸ መቀመጫውን ከእሳት እንዲያዘጋጅ አስጠንቅቀዋል፤ ለበጎ ዓላማ የሚለውን ሰው ከዚህ አላወጡትም።

ታላቁ የሐዲስ መርማሪ የሕያ ኢብኑ ሰዒድ አል-ቀጣን ደግሞ ዒባዳ የሚያበዙ ደጋግ ሰዎች በሌላው ነገር ሳይሆን በሐዲስ ላይ ሐሰት ሲያበዙ አይተናል የሚል መልእክት ያለው ንግግር አላቸው። ኢማሙ ሙስሊም ይህን ሲያብራሩ፣ ሆን ብለው ባይሆንም ሐሰቱ በምላሳቸው ላይ ይሄዳል ማለት ነው ብለዋል። ደግነት ለሰውየው ምስጋና ይሆነዋል። ለወሬው ግን ማስረጃ አይሆነውም።

ለሐዘንተኛው አባት የመጣች ግርዶሽ

ይህን ሚዛን ዑለማዎች ከየት አመጡት? መልሱ በመዲና ነው።

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና የማሪያ ልጅ ኢብራሂም በጨቅላ ዕድሜው ሞተ። አባትየው አለቀሱ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። በሥነ ፈለክ ስሌት መሠረት ይህ ግርዶሽ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 632 እንደሆነ ይነገራል። ሰዎቹ ወዲያው "ፀሐይ የተጋረደችው ለኢብራሂም ሞት ነው" አሉ።

አስቡት! የነቢይነት ጥያቄ ላነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ወሬውን የፈጠረው እሳቸው አይደሉም፤ ሕዝቡ በራሱ አምኗል። ዝም ቢሉ ይበቃ ነበር። ዝም አላሉም። ሶላት አሰገዱና ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም መሞት ወይም መወለድ እንደማይጋረዱ ተናገሩ። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ሐሰተኛ ነቢይ እንዲህ ያለውን አጋጣሚ አይጥልም። እዚህ ላይ የምናየው ሰው፣ ልጁን በቀበረበት ቀን፣ ለራሱ የሚጠቅመውን ሐሰት በገዛ አንደበቱ አፈረሰ። ይህ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ግን ሕዝቡ ከጠበቀው የተለየ ዓይነት ማስረጃ። ፀሐይቱ አልመሰከረችላቸውም። የመሰከረላቸው እውነተኛነታቸው ነው።

"ሑጀቱል ኢስላም" የተጠራጠሩ ጊዜ

አሁን ወደ ሌላ ጥያቄ እንሻገር። ወሬን መጠራጠር አንድ ነገር ነው። ሁሉን ነገር መጠራጠርስ? ጥርጣሬው ከውጭ ሳይሆን ከልብ ውስጥ ቢነሳስ?

ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ በ450 ሂጅራ (1058 እ.ኤ.አ.) በኹራሳን ምድር በጡስ ተወለዱ። በኒሻፑር በኢማም አል-ጁወይኒ ሥር ተማሩ። በ484 ሂጅራ (1091 እ.ኤ.አ.) በታዋቂው ወዚር በኒዛሙል ሙልክ ተሹመው የባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆኑ። "ሑጀቱል ኢስላም" ተብለው ነው የሚጠሩት፤ የኢስላም ማስረጃ ማለት ነው።

እኚህ ሰው ከሃምሳ ዓመታቸው በኋላ በጻፉት "አል-ሙንቂዝ ሚነ ደላል" በተሰኘው መጽሐፋቸው ያለ ኀፍረት አንድ ነገር አስታወቁ፦ በሕይወታቸው ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሁሉን ነገር ተጠራጥረው ነበር። ነገሩ የጀመረው ከቀላል ትዝብት ነው። የክርስቲያን ልጆች በክርስትና፣ የአይሁድ ልጆች በአይሁድነት፣ የሙስሊም ልጆች በኢስላም ላይ ሲያድጉ ያያሉ። ታዲያ እኔ አውቃለሁ የምለው በውርስ የመጣ ነው ወይስ በእርግጥ የማውቀው ነው? ብለው ጠየቁ።

ከዚያ ዓይናቸውን መረመሩ። ጥላን ስታየው የቆመ ይመስላል፤ ቆይተህ ስታየው ግን ቦታ ለውጧል። ኮከብን ስታየው የዲናር ታክላለች፤ የሂሳብ ማስረጃ ግን ከምድር እንደምትበልጥ ያሳያል። ዓይን ከዋሸ አእምሮን እንመን? አእምሮ ዓይንን እንዳረመ፣ አእምሮንም የሚያርም ሌላ ነገር ቢኖርስ? በሕልም ያየነውን እውነት ነው ብለን አምነን ስንነቃ ከንቱ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ይህ ንቃታችንም ከሌላ ንቃት አንጻር ሕልም ቢሆንስ? ልብ በሉ፣ ይህን ያሉት በአውሮፓ ዴካርት የተባለው ፈላስፋ ተመሳሳዩን ከመጠየቁ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው ነው።

እንዴት ወጡበት? በክርክር አልወጡም። ማስረጃ የሚሠራው በመጀመሪያ እውቀቶች ነው፤ እነሱ ከተጠረጠሩ ማስረጃ ማቆሚያ ያጣል። አላህ በልባቸው ውስጥ በጣለው ብርሃን አእምሯቸው ወደ ጤናው እንደተመለሰ ይነግሩናል። ሁሉን ነገር በማስረጃ ካላረጋገጥኩ የሚል ሰው የሚቆምበት መሬት የለውም። ይህ ለአማኙም ለተጠራጣሪውም እኩል እውነት ነው። ሁላችንም ከምናምነው መነሻ እንነሳለን።

አንዳንዱ ሰው እዚህ ደርሶ "አየህ! ብርሃን እንጂ ማስረጃ አይደለም" ብሎ ይዘጋዋል። አል-ገዛሊ ግን አልዘጉትም። ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የጀመረው። ሦስት መቶ ተማሪ እያስተማሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው የፈላስፎችን መጽሐፍት ሁለት ዓመት ላልሞላ ጊዜ አነበቡ፤ ሌላ አንድ ዓመት ያህል አሰላሰሉበት። የአንድን ወገን ሐሳብ ከባለቤቱ እኩል ሳያውቁ መንቀፍ በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው የሚል አቋም ነበራቸው። የፈላስፎቹን ሐሳብ ያስተዋወቁበት "መቃሲዱል ፈላሲፋ" ምን ያህል ታማኝ ነበር ቢባል፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎም ብዙ አውሮፓውያን ጸሐፊውን ከፈላስፎቹ አንዱ አድርገው ወሰዷቸው። እስቲ ዛሬ ከኛ መካከል የሚቃወመውን ሰው ሐሳብ እንዲህ ባለ ታማኝነት የሚያቀርብ ማን ነው?

ፈላስፎቹን በተቹበት "ተሃፉቱል ፈላሲፋ" መቅድም ላይ ደግሞ ያንኑ የግርዶሽ ጉዳይ አነሱ። የጨረቃ ግርዶሽ ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባ የሚሆን ነው። ይህ በስሌት የተረጋገጠ ነው። ይህን መካድ የሃይማኖት ግዴታ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ሃይማኖቱን ይበድላል አሉ። ምክንያቱም ስሌቱን የሚያውቀው ሰው "ይህ ሸሪዓን ይቃረናል" ሲባል ስሌቱን አይጠራጠርም፤ የሚጠራጠረው ሸሪዓውን ነው። ሃይማኖትን ባልሆነ መንገድ የሚከላከሉት፣ ከሚያጠቁት ይልቅ ይጎዱታል የሚል ነው መልእክታቸው።

ለየነገሩ የራሱ ማስረጃ

ከ"አል-ሙንቂዝ" አንድ ምሳሌ በተለይ ልናስታውሰው ይገባል። አንድ ሰው መጥቶ "ሦስት ከአሥር ይበልጣል፤ ለዚህም ማስረጃዬ ይህን በትር እባብ ማድረጌ ነው" ቢልና በትሩ በዓይኔ ፊት እባብ ቢሆን፣ በሰውየው ችሎታ እደነቃለሁ እንጂ አሥር ከሦስት መብለጡን አልጠራጠርም ይላሉ። አስደናቂ ነገር ለሂሳብ ጥያቄ ማስረጃ አይሆንም።

የነቢይነትንስ እውነት በምን እናውቃለን? አል-ገዛሊ የሰጡት መልስ ይደንቃል። ሻፊዒይ ፈቂህ መሆናቸውን፣ ጃሊኑስ ሐኪም መሆኑን የምታውቀው ፊቅህንና ሕክምናን በመጠኑ አውቀህ፣ ከዚያ መጽሐፍቶቻቸውን በመመርመር ነው። እንዲሁም ነቢይነት ምን እንደሆነ ተረዳ፤ ከዚያ ቁርኣኑንና የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት መርምር፤ ያዘዙትን ሠርተህ በልብህ ላይ የሚያመጣውን እይ። በትር እባብ ሆነ በሚል ብቻ ከጀመርክ፣ ድግምት ነው የሚል ጥርጣሬ ሊገባህ ይችላል።

ስለዚህ "ማስረጃ የለም" ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ዓይነት ማስረጃ?" የሚል ነው። የደብዳቤ ማስረጃ ዓመተ ምሕረትና ምስክር ነው። የግርዶሽ ማስረጃ ስሌት ነው። የነቢይ ማስረጃ መልእክቱና ሕይወቱ ነው። አንዱን በሌላው የሚመዝን፣ እህልን በክንድ የሚለካ ሰው ይመስላል።

በመጨረሻም ሚዛኑ ለሳቸውም አልራራም። ኢብኑ ሩሽድ (1126–1198 እ.ኤ.አ.) በፍልስፍናው ላይ መልስ ጻፉባቸው። የሐዲስ ሊቃውንት ደግሞ "ኢሕያኡ ዑሉሚዲን" በተሰኘው ታላቅ መጽሐፋቸው ውስጥ ደካማና መሠረት የሌላቸው ሐዲሶች እንዳሉ ገለጡ። ሓፊዝ አል-ዒራቂ (በ806 ሂጅራ የሞቱት) የመጽሐፉን ሐዲሶች አንድ በአንድ መርምረው ደረጃቸውን ጻፉ። ዛሬ "ኢሕያእ" ሲታተም ብዙ ጊዜ የዒራቂ ምርመራ ከግርጌው ይታተማል። "የኢስላም ማስረጃ" የተባሉት ሰው መጽሐፍ ራሱ፣ ማስረጃው እየተጠየቀ ነው የሚነበበው። መጽሐፉ በዚህ አልተዋረደም፤ አንባቢው በልበ ሙሉነት የሚይዘውን ለየ እንጂ።

ዛሬስ?

ከነዚህ ታሪኮች በኋላ ወደ ስልካችን እንመለስ። ጨረቃ ላይ የወጣው ኒል አርምስትሮንግ በዚያ አዛን ሰምቶ፣ ኋላ ሰለመ የሚለውን ወሬ ያልሰማ ማን አለ? ሰውየው በሕይወት እያለ አልሰለምኩም ብሎ አስተባብሏል። ጨረቃ ላይ ድምፅ የሚያስተላልፍ አየርም የለም። ወሬው ግን ዛሬም "ማሻአላህ" እየተባለበት ከቡድን ወደ ቡድን ይዞራል። የላከው ሰው ውስጡ ንጹሕ ነው፤ እንደ ኑሕ ኢብኑ አቢ መርየም ለዲን አስቦ ነው። አንድ ቀን ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ እውነቱን ያገኘዋል። ያኔ ልጁ አርምስትሮንግን ብቻ አይደለም የሚጠራጠረው፤ "ሌላውስ የነገሩኝ?" ይላል። አል-ገዛሊ ያስጠነቀቁት ይኸው ነው።

ቁርኣን ወሬ ሲመጣ አጣሩ ይለናል፤ የማታውቀውን አትከተል ይለናል፤ ተቃራኒዎችን ማስረጃ አምጡ ሲል ይሞግታል። ማስረጃ የሚጠይቅ ዲን፣ ማስረጃ ሲጠየቅ አይቆጣም። ሰሓቦች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ለመናገር የሚከብደን ነገር በውስጣችን ይመላለሳል ባሏቸው ጊዜ እንኳ አላባረሯቸውም፤ ያ መጨነቃቸው ራሱ የኢማን ምልክት መሆኑን ነው የነገሯቸው።

ስለዚህ ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፦ ልጅህ ሲጠይቅህ አትቆጣው፤ የማታውቀው ከሆነ "አላውቅም፣ እንጠይቅ" በለው። ደስ የሚል ወሬ ሲደርስሽ ከመላክሽ በፊት "ከማን?" በይ። ዲናችን በውሸት መደገፍ አያስፈልገውም። የውሸት ድጋፍ ሲወድቅ የተደገፈበትን ይዞ ሊወድቅ ይችላል።

አላህ እውነትን እውነት አድርጎ ያሳየን፤ መከተሉንም ይወፍቀን። ሐሰትንም ሐሰት አድርጎ ያሳየን፤ መራቁንም ይወፍቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።